ለሻይ ቁርስ ምን ይቅረብ? ጤናማውን የመምረጫና የማዘጋጃ መመሪያ ከጎንደር

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲል ፒያሳ ያሉት ሻይ ቤቶች ይሞላሉ። ከቢሮ የወጣው፣ ከክፍል የወጣው፣ ጓደኛ የሚጠብቀው፣ ሁሉም አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይቀመጣል። ከብርጭቆው አጠገብ ደግሞ የሆነ ነገር አይጠፋም። ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ።

ያነቃኝ እናቴ ስኳር እንዳለባት የሰማን ዕለት ነው። ሐኪሟ ስለ ምሳና ስለ እራት ከመጠየቋ በፊት "እማማ፣ ሻይ በቀን ስንቴ ይጠጣሉ? ከምን ጋር?" አለቻት። እማዬ በጣቷ ቆጠረች። አራት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ብስኩት። ቆጥራ ስትጨርስ ራሷም ደነገጠች። "ይኼ እኮ ምግብ አይደለም ብዬ ነው" አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሻይ ጋር የሚበላውን ማናችንም ምግብ ብለን አንቆጥረውም። ምሳ ላይ የምንጠነቀቀው ሰዎች 10 ሰዓት ላይ ሁለት ቦምቦሊኖ በልተን "ዛሬ ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመስኩም" እንላለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሻይ ቁርስን እንደ አንድ ማዕድ መቁጠር ጀመርን። ደረጃ በደረጃ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

1. ከብርጭቆው ጀምሩ

ቁርሱን ከመቀየራችሁ በፊት ሻዩን እዩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይሆናል። የእማዬ 12 ማንኪያ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚጨመር ስኳር ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለአንድ አዋቂ 50 ግራም ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ 6 ማንኪያ ዝቅ ቢል ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። እማዬ የላይኛውን ጣሪያ ለመንካት የተቃረበችው ብስኩቱ ሳይቆጠር ነው።

በአንድ ቀን አትቁረጡት፤ አይዘልቅም። እኛ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስን። ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ለመውረድ አራት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ላይ እማዬ "ስኳር የሌለው ሻይ ምኑ ሻይ ነው?" ብላ ታኮርፍ ነበር። ያስታረቃት ቅመሙ ነው። ለአንድ ጀበና ሻይ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተቀጥቅጦ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ ሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድ። ውሃው ከቅመሙ ጋር 10 ደቂቃ ይፍላ፣ ሻይ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ። ቅጠሉ ብዙ ከፈላ ይመራል፣ ሲመር ደግሞ ስኳር ያስጨምራል። ጦስኝ ለሚወድ በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው ጦስኝ ያለ ምንም ስኳር ይጠጣል።

ስኳሩን በማር መተካት መፍትሔ አይደለም። የአርማጭሆ ማር የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን ከዚያው ከስኳሩ ጋር ይቆጥረዋል።

ሻይ ቤት ውስጥ ስኳሩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስታዝዙ "እህቴ፣ ስኳሩን ለብቻ አድርጊልኝ" በሉ። ማንም አይከፋውም።

2. ሰዓቱን ወስኑ

ሻይ ከምሳ ጋር ወይም ምሳ እንዳለቀ ወዲያው አይጠጣ። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከሽሮ፣ ከምስርና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስደው ይይዛል። አንድ ሰዓት ገደማ አሳልፉ። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ይህን ቢጠብቁ ደስ ይለኛል። ለሕፃናት ደግሞ ሻይ ባይሰጣቸው ይሻላል። ሎሚ የምትወዱ ጨምሩበት፤ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

ረፋድ 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ጥሩ ሰዓቶች ናቸው። ርቧችሁ ሻይ ቤት ከገባችሁ ግን ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው የተጠበሰው ላይ ነው። ቁርሳችሁን ከቤት ይዛችሁ ውጡ፣ ወይም ሳይርባችሁ ወስኑ።

3. ቆሎን መግዛት ዕወቁበት

ጤናማ የሻይ ቁርስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቆሎ አለ። ገብሱ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ሽምብራው ከደምቢያ ይመጣል። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ሽምብራ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ሆድ ይይዛሉ። ለጾምም ለፍስክም ይሆናሉ።

ግን ቆሎ ሁሉ አንድ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ የማያቸውን አራት ነገሮች እናንተም እዩ።

የመጀመሪያው ጠጠር ነው። ከመንገድ የገዛሁት ቆሎ ውስጥ የነበረች አንዲት ጠጠር መንጋጋ ጥርሴን ሰብራዋለች። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ሁሉ ሰፌድ ላይ አፍስሼ ሳልለቅም አፌ አላስገባም። ከቆሎው ይልቅ ጥሬውን ገዝቶ ለቅሞ መቁላት ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሽታው ነው። ጭብጥ አድርጋችሁ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት። የከረመ የዘይት ሽታ ከሸተታችሁ ተዉት። ሦስተኛው ጨው ነው፤ አንድ ሁለት ፍሬ ቅመሱና ምላሳችሁን ካቃጠለው ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም። የቀኑ የጨው ልክ ሁሉም ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

አራተኛው ለእኛ አካባቢ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ጓያ። ሽምብራና ጓያ በአንድ አገር ይበቅላሉ፣ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ፣ ሲቆሉ ደግሞ ላላስተዋለ ሰው ይመሳሰላሉ። ጓያ ለረጅም ጊዜ እንደ ዋና ምግብ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደምቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከሌላው አበሳሰል የበለጠ አደጋ አላቸው። አንድ ቀን ጥቂት ፍሬ የበላ ሰው ይሽመደመዳል ማለት አይደለም። ግን በየቀኑ ከሻይ ጋር የሚበላ ነገር ውስጥ ጓያ እንዲኖር አልፈልግም።

መለየቱ ቀላል ነው። አንድ ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና አገላብጡት። ሽምብራ ድብልብል ነው፣ ቆዳው ሽብሽብ ይላል፣ በአንድ ወገን እንደ ጫጩት ምንቃር ሾጠጥ ያለች ጫፍ አለችው። ጓያ ግን ጠፍጠፍ ብሎ ማዕዘን አለው፣ የተጠረበ ሽብልቅ ይመስላል። ካላመናችሁ ጠይቁ። እኔ የምገዛባት እናት "ይኼ ንጹሕ ሽምብራ ነው፣ እናቴ?" ስላት "እንዴታ የኔ ልጅ፣ በጣትሽ እያገላበጥሽ እዪው!" ትለኛለች። አይቼም ነው የምገዛው።

ከታኅሣሥ እስከ ጥር አካባቢ እሸት ሽምብራ ከነግንዱ ታስሮ ይመጣል። ያን ጊዜ ሌላ የሻይ ቁርስ አልፈልግም። እየፈለፈሉ ሲበሉት ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ብዙ ሳይበሉ ይጠግባሉ። እዚህም ላይ የእሸት ጓያ ነገር አይዘንጋ።

4. የሽምብራ ቆሎ በቤት

ሁለት ብርጭቆ ሽምብራ ልቀሙና እጠቡ። ማታ በብዙ ውሃ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውሃውን ድፉና ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት። እጃችሁን ስታስነኩት እርጥበት እስከማይሰማችሁ ድረስ አጠንፍፉት። እርጥቡን የሚቆላ ሰው ውጩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይሆንበታል።

ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ አግሉት። ዘይት አይገባም። ሽምብራውን አፍስሱና ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ዝም ይላል። ቆይቶ እንፋሎት ያወጣል። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ መንጣጣት ይጀምራል። ሲንጣጣ እሳቱን ቀንሱ። ቆዳው እየተሰነጠቀ ቢጫው ሲታይና የቆሎው ሽታ ቤቱን ሲሞላው አንድ ፍሬ አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ንከሱ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ካኘካችሁት በኋላ እንደ ሊጥ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው።

በመጨረሻ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት በርበሬ በሁለት ማንኪያ ውሃ በጥብጡና ትኩሱ ቆሎ ላይ ረጩበት። ሁለት ደቂቃ አማስላችሁ አድርቁት። ይህ መጠን ለሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ጨውን በደረቁ የሚበትኑት ሰዎች ጨው አብዝተው የሚጨርሱት ፍሬው ላይ ስለማይያዝላቸው ነው።

ፈጽሞ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ አትክተቱት፤ ይወይባል። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ይቆያል።

ስትበሉ ከዕቃው አትብሉ። አንድ ጭብጥ በሳህን አውጡና ክዳኑን ዝጉ። ወሬ ሲደራ እጅ ራሱ እየሄደ ይዘግናል፣ ቆሎም ቢሆን ሲበዛ ይከብዳል።

5. ለውዝና ሰሊጥ

ለውዝ ከ100 ግራሙ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው፣ ቅባቱም ጥሩ ቅባት ነው። ግን ጉልበቱ ብዙ ነው። 30 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ጭብጥ፣ 170 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ለውዝ ስትገዙ አንድ በአንድ እዩት። የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ ሻጋታ የያዘውን፣ መራራውን ጣሉ። እርጥበት ባለበት የቆየ ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። "ከምጥለው ልቁላው" አይባልም።

ሰሊጥ ደግሞ የራሳችን ነው። ከመተማና ከቋራ ወገን የሚመጣው ሰሊጥ በዓለም ገበያ "የጎንደር ዓይነት" ተብሎ በስሙ ይታወቃል። እኛ ግን እየላክነው ብዙም አንበላውም፣ ይህ ያናድደኛል። ልጣጩ ያልተነሳ ሰሊጥ በ100 ግራም ውስጥ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለው። በዝግታ እሳት ለሦስት ደቂቃ ብቻ አምሱት፣ ቶሎ ያራል። አንድ ማንኪያውን የገብስ ቆሎ ላይ በትኑት። ወይም ወቅጡትና ትኩስ ቂጣ ላይ ቀቡት። የእኔ ልጆች ከቅቤ ይልቅ ይህን ይጠይቃሉ።

ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቆሎም ለውዝም በፍሬው አይሰጥ፤ ያንቃል። ተፈጭቶ ወይም ተወቅጦ ይሰጣቸው።

6. ጥርስ ለማይችል፦ አሹቅና ንፍሮ

አባቴ ቆሎ መብላት ካቆመ ቆይቷል። ጥርሱ አይችልም። ለእሱ አሹቅ እንሠራለን። ባቄላውን ቆዳው ነጠብጣብ እስኪያወጣ ድረስ ቆልታችሁ በትኩሱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ጠዋት የገባ ለ10 ሰዓት ሻይ ይደርሳል። ቆዳው ሲላጥ ውስጡ ለስለስ ብሎ የቆሎውን ጣዕም ይይዛል። ትንሽ ሚጥሚጣና ጨው ነካ አድርጉለት።

ንፍሮም እንደዚሁ ነው። ስንዴውና ሽምብራው ለየብቻ ይንፈሩ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ስለሚበስል። ንፍሮ ተሠርቶ ከአንድ ቀን በላይ አይደር፤ ይሻግታል።

7. ዳቦ ቆሎ ያለ መጥበሻ

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ዳቦ ቆሎ ብዙው በዘይት የተጠበሰ ነው። ቤት ውስጥ ምጣድ ላይ ይሠራል። ሁለት ብርጭቆ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ የገብስ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በእጅ እሹት፣ ከዚያ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት። ለግማሽ ሰዓት ይረፍ። እርሳስ ባከለ ውፍረት አድቦልቡሉና በመቀስ ቁረጡት። በዝግታ እሳት ቡናማ እስኪሆን አማስሉ። ከ20 ደቂቃ ያነሰ ከሆነ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፣ ውስጡ አልደረቀም።

8. ሻይ ቤት ስትገቡ

ሁልጊዜ ከቤት ይዞ መውጣት አይቻልም። ጓደኛ ይጠራል፣ ስብሰባ ይኖራል። ሻይ ቤት ከገባችሁ መጀመሪያ መጥበሻውን እዩት። ዘይቱ ጠቁሮ፣ አረፋው ወፍሮ፣ ጭሱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ተደጋግሞ የጠበሰ ዘይት ነው፣ ከዚያ የወጣ ነገር አትብሉ። በክረምት ጠዋት ብርድ ሲሆን ሌላ ምልክት አለ። ፓስቲው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ነጭ ቅባት ከረጋ የተጠበሰው በሚረጋ ዘይት ነው። እንዲህ ያለው ዘይት፣ ፓልም ለምሳሌ፣ ግማሽ የሚሆነው ቅባቱ ልብን የሚጎዳው ዓይነት ነው።

አንድ ጊዜ ትኩስ ቦምቦሊኖ ሶፍት ላይ አስቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ። ሻዩ ሲያልቅ ሶፍቱ ከሥሩ እንደ መስታወት አሳላፊ ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ዘይት ወደ ሆዴ ሊገባ ነበር። እናንተም አንድ ቀን ሞክሩት።

ታዲያ ምን ይበላ? የተቀቀለ እንቁላል ካለ፣ ጾም ካልሆነ፣ እሱ ይሻላል፤ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጥቁር ዳቦ ወይም አምባሻ ካለ አንድ ቁራሽ። ሙዝ በየመንገዱ አለ፤ አንድ ሙዝ ከጥቂት ለውዝ ጋር የሚያህል ፈጣን የሻይ ቁርስ አላገኘሁም። ሳምቡሳ ካማራችሁ አንድ ብሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ግን አይሁን። እማዬም በሳምንት አንድ ቀን ቅዳሜ አንድ ሳምቡሳ ትበላለች። ያቺን ቀን በጉጉት ትጠብቃታለች።

ብስኩት ከገዛችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። የተጻፉት ነገሮች በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚቀመጡት። ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ወደ መደርደሪያው መልሱት። "ለጤና ተስማሚ" የሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊት ቢኖርም ጀርባውን አንብቡ።

9. እንግዳ ሲመጣ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። እንግዳ መጥቶ ብስኩት ሳይቀርብ ሲቀር ቤቱ የተቸገረ ይመስለናል። አማቴ መጀመሪያ ቀን ቆሎና አሹቅ ሳቀርብላቸው ሳህኑን አይተው ዝም አሉ። "እትዬ፣ እማዬ ስኳር ስላለባት ቤታችን ልማድ ቀይረናል" አልኳቸው። አንድ ፍሬ አነሱ፣ ደገሙ። ሊሄዱ ሲነሱ "ይኼን አሹቅ እንዴት አድርገሽ ነው የምታለሰልሽው?" ብለው ጠየቁኝ።

እንግዳ ላይ ይህን አዘጋጁ፦ ባለ ሦስት ክፍል ሳህን ካላችሁ በአንዱ የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር፣ በአንዱ የሽምብራ ቆሎ፣ በአንዱ አሹቅ። ከጎኑ የተቆረጠ ብርቱካን ወይም ማንጎ። ስኳሩ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ሳይገባ ከነማንኪያው ለብቻው ይቅረብ፣ የሚፈልግ ራሱ ይጨምር። አሹቁን ከዋዜማው ንከሩት። እንግዳ በድንገት ከመጣ ሽምብራው በክዳን ዕቃ ውስጥ ይጠብቃል።